በየወሩ በራሱ የሚቆረጥ ክፍያ ድረ ገጽ ላይ ማስገባት፦ ካርዱን ማን ይያዝ፣ ቀኑን ማን ይቁጠር?

ላራቬል_ጀማሪ

ሰላም ለሁላችሁ። በላራቬል (የፒኤችፒ ቋንቋ ማዕቀፍ) እና በማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ የተሠራ ድረ ገጽ አለ። የአንድ ጊዜ ክፍያ ይሠራል፤ ደንበኛው «ክፈል» ሲጫን ወደ ጌትዌዩ (የካርድ ክፍያውን የሚያስፈጽመው ድርጅት) ገጽ ይሄዳል፣ ከፍሎ ይመለሳል፣ ሲመለስ ትዕዛዙን «ተከፍሏል» አደርገዋለሁ። አሁን ወርሃዊና ዓመታዊ ምዝገባ ከ14 ቀን ነጻ ሙከራ ጋር መግባት አለበት። ጌትዌዩ የራሱ የሰብስክሪፕሽን አገልግሎት አለው፤ ከፈለግኩ ደግሞ በቶከን (በካርዱ ቁጥር ምትክ በሚሰጥ መለያ) ብቻ እኔው በፈለግኩት ቀን ማስከፈል እችላለሁ። የተምታቱብኝ እነዚህ ናቸው፦

1. የካርዱን ቁጥር አመስጥሬ ዳታቤዜ ውስጥ ባስቀምጠውና በየወሩ በክሮን (ሰዓቱን ጠብቆ በራሱ በሚነሳ ሥራ) ብልከው ችግሩ ምንድን ነው?
2. ቀኑን እኔ ልቁጠር ወይስ ለጌትዌዩ ልተወው?
3. ሳንድቦክስ (የጌትዌዩ መሞከሪያ) ላይ ዌብሁኩ (ጌትዌዩ ስለ ክፍያው ለሰርቨሬ የሚልከው መልእክት) አንዳንዴ ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ አንዳንዴ ጭራሽ አይመጣም። ሲመጣም ከጌትዌዩ መምጣቱን የሚያረጋግጠው ፊርማ ልክ አይደለም ይለኛል።
4. ካርዱ እምቢ ሲል ስንት ጊዜ ልሞክር? አገልግሎቱንስ ወዲያው ልዝጋ?

ቶከን_ጠባቂ

ከ1 ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ የሚቆመው እሱ ላይ ነው።

የካርድ ቁጥር ማስቀመጥ ይቅርና በሰርቨርህ በኩል ማለፍም የለበትም። ካለፈ የፒሲአይ ዲኤስኤስ (የካርድ መረጃ ደኅንነት ደንብ) ግዴታ በሙሉ ትከሻህ ላይ ይወድቃል፤ አጭሩ የራስ መገምገሚያ ቅጽ (ኤስኤኪው ኤ የሚሉት) ይቀርና ረጅሙ ኤስኤኪው ዲ ይመጣብሃል። የማመስጠሪያ ቁልፍ አያያዙ፣ የኔትወርክ ቅኝቱ፣ የሎግ ክትትሉ ሁሉ ያንተ ዕዳ ይሆናል። ሲቪቪ (ካርዱ ላይ ያለው አጭር የማረጋገጫ ቁጥር) ደግሞ ምንም ያህል ብታመሰጥረው፣ ክፍያው ከጸደቀ በኋላ ማስቀመጥ ፈጽሞ ክልክል ነው። እንግዲህ በሁለተኛው ወር ሲቪቪውን ከየት ታመጣዋለህ?

መንገዱ ይህ ነው። ደንበኛው ካርዱን የሚጽፈው በጌትዌዩ ገጽ ላይ፣ ወይም ጌትዌዩ በሚሰጥህና አንተ ገጽህ ላይ በምትተክለው አይፍሬም (ገጽ ውስጥ የሚከፈት ሌላ ገጽ) ውስጥ ነው። አንተ ጋ የሚደርሰው ቶከን ብቻ ነው፤ ከጌትዌዩ ጋር ካለህ አካውንት ውጭ ምንም የማይረባ የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት። ዳታቤዝህ የሚይዘው የደንበኛውን የጌትዌይ መለያ፣ ቶከኑን፣ የካርዱን ዓይነት፣ የመጨረሻዎቹን 4 አሃዞችና ካርዱ የሚያበቃበትን ወርና ዓመት ነው። ሌላ አያስፈልግህም።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ነገር። የምዝገባው የመጀመሪያ ክፍያ ገንዘብ መቀበያ ብቻ አይደለም፤ ፈቃድ መቀበያም ነው። የካርድ ኔትወርኮች ደንበኛው ራሱ ስክሪኑ ፊት ተቀምጦ የሚፈጽመውን ክፍያና እሱ በሌለበት ነጋዴው የሚያስከፍለውን ለያይተው ነው የሚያዩት። የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ ካርድ ለተደጋጋሚ ክፍያ ይቀመጣል» የሚል ምልክት ይዞ መሄድ አለበት። በዚያው ጊዜ ባንኩ ከጠየቀ ደንበኛው ስሪ-ዲ ሴኪዩርን (ባንኩ ደንበኛውን የሚያረጋግጥበትን ደረጃ) ያልፋል። ኔትወርኩ ለዚያ ክፍያ አንድ መለያ ይሰጣል፤ ቀጣዮቹ ወራት ያንን መለያ እየጠቀሱ «ፈቃዱ ያ ነው» ይላሉ። መለያውን አብዛኛው ጌትዌይ ራሱ ይይዝልሃል፤ ምልክቱን መላክ ግን ያንተ ሥራ ነው። ለምሳሌ ስትራይፕ የተባለው ጌትዌይ ላይ ሴትአፕ ፊውቸር ዩሴጅ የሚባለውን መለኪያ ኦፍ ሴሽን በሚል ዋጋ ትልካለህ። ከረሳኸው የመጀመሪያው ወር ሰላም ያልፋል። በሁለተኛው ወር ባንኩ «ደንበኛው ያረጋግጥ» ብሎ ይመልሰዋል፤ ያን ሰዓት ደንበኛው ተኝቷል። አውሮፓ ውስጥ በፒኤስዲ2 (የአውሮፓ ኅብረት የክፍያ ሕግ) ምክንያት ይህ በብዛት ይታያል። ሕንድ ውስጥ ደግሞ ከእያንዳንዱ ቆረጣ ቢያንስ 24 ሰዓት በፊት ለደንበኛው ማስታወቂያ መድረስ አለበት፤ ከ15,000 ሩፒ በላይ ከሆነ ለአብዛኛው ምዝገባ በየጊዜው ማረጋገጫ ይጠየቃል። ጌትዌይ ስትመርጥ ደንበኞችህ ካርድ ያወጡት የት አገር እንደሆነ ማየቱ ለዚህ ነው።

ለ14 ቀኑ ሙከራ ትንሽ ገንዘብ ቆርጠህ አትመልስ። በዜሮ መጠን ካርዱን የሚያረጋግጥ ጥያቄ አለ፤ ስሪ-ዲ ሴኪዩሩም ፈቃዱም በዚያው ይያዛል። ከዚያ ጋር ደንበኛው የተስማማበትን ጽሑፍ ስሪት፣ ሰዓቱን፣ አይፒ አድራሻውን፣ መጠኑንና በየስንት ጊዜው እንደሚቆረጥ መዝግብ። ቪዛ ሙከራን በሚመለከት ካወጣቸው ደንቦች አንዱ ሙከራው ሊያልቅ ቢያንስ 7 ቀን ሲቀረው ለደንበኛው ማሳወቅን ይጠይቃል፤ 14 ቀን ሙከራ ካለህ መልእክቱ ከ7ኛው ቀን ማለፍ የለበትም ማለት ነው።

አንድ ያልጠየቅከው ነገር፦ «ሲመለስ ተከፍሏል አደርገዋለሁ» ያልከውን ዛሬውኑ ቀይረው። የመመለሻውን ዩአርኤል ማንም በእጁ ሊጽፈው ይችላል፤ የከፈለ ሰው ደግሞ ከመመለሱ በፊት ብራውዘሩን ሊዘጋው ይችላል። የመመለሻ ገጹ ሥራ በማጣቀሻ ቁጥሩ ጌትዌዩን ከሰርቨር ወደ ሰርቨር መጠየቅ፣ መልስ ከሌለ «በመረጋገጥ ላይ ነው» ብሎ ማሳየት፣ በቃ። ደንበኞች ከባንክ ማረጋገጫ ሲመለሱ ከአካውንታቸው ወጥተው የሚያገኙት ከሆነ ኩኪውን ተመልከት፤ ባንኩ በፖስት (ቅጽ በሚላክበት የድር ጥያቄ ዓይነት) ከመለሳቸው ሴምሳይት ላክስ የሆነ የሴሽን ኩኪ አብሮ አይመጣም።

ነጭ_ሰሌዳ

2ን እኔ ልውሰደው። ዋጋው ቋሚ ከሆነ፣ ጌትዌዩ አንድ ከሆነ፣ ዕቅዶቹም ሁለት ሦስት ከሆኑ ለጌትዌዩ ተወው። ኢንቮይስ (የክፍያ መጠየቂያ) ማውጣቱን፣ ድጋሚ ሙከራውን፣ በወሩ መሃል ዕቅድ ሲቀየር ያለውን ስሌት ተሠርቶ ታገኘዋለህ። ራስህ ቁጠር የምልህ በሦስት ምክንያት ብቻ ነው፦ ዋጋው በአጠቃቀም መጠን የሚሰላ ከሆነ፣ ከአንድ በላይ ጌትዌይ ካለህ፣ ወይም ደንበኛው በየጊዜው በሚስጥር ቁጥሩ ካላጸደቀ ገንዘብ የማይወጣበት የክፍያ ዓይነት ካለ። ለዚህ ለመጨረሻው በራሱ የሚቆረጥ ነገር የለም፤ ከቀኑ በፊት የክፍያ ሊንክ ትልካለህ፣ ያው ነው።

ማንም ይቁጠር ማን፣ ሁለት ቴብል አንተ ጋ ይኑር። አንዱ ኢንቮይስ ነው፦ የምዝገባ መለያ፣ ክፍለ ጊዜው የሚጀምርበትና የሚያበቃበት፣ መጠን፣ የገንዘብ ዓይነት፣ ሁኔታ። ሌላው የማስከፈል ሙከራ ነው፦ የኢንቮይስ መለያ፣ ስንተኛ ሙከራ፣ የተላከው ቁልፍ፣ የጌትዌይ ማጣቀሻ፣ የመልስ ኮድ፣ ሰዓት። «ከፍሏል ወይስ አልከፈለም» የሚል አንድ አምድ ደንበኛው ላይ ለጥፎ መሄድ በሦስተኛው ወር ያስለቅሳል፤ የትኛው ወር እንደተከፈለ ማወቅ አይቻልም።

ኢንቮይስ ቴብሉ ላይ የምዝገባ መለያውና የክፍለ ጊዜው መጀመሪያ በአንድነት ዩኒክ (የማይደገሙ) ይሁኑ። ክሮኑ ሁለት ጊዜ ቢነሳ፣ ሁለት ሰርቨር ላይ ቢሮጥ፣ አንድ ሰው በእጁ ቢያስነሳው፣ ለአንድ ወር ሁለት ኢንቮይስ ሊፈጠር አይችልም። በኮድ «መጀመሪያ አለ ወይ ብዬ አያለሁ» ማለት አይበቃም፤ በማየትና በመጻፍ መካከል ሌላው ይቀድምሃል። ላራቬል ሼጁለር ላይ ዊዝአውት ኦቨርላፒንግና ኦን ዋን ሰርቨር አሉ፣ ተጠቀምባቸው፤ መተማመኛህ ግን ዳታቤዙ ይሁን። ማይኤስኪውኤል 8.0 ከሆነ ረድፎቹን ስትወስድ ፎር አፕዴት ስኪፕ ሎክድ (ሌላው የያዘውን ረድፍ ዝለል) በለው፤ ብዙ ወርከር ያለ ግጭት ይካፈለዋል።

ገንዘቡን በሙሉ ቁጥር በትንሹ አሃድ ያዝ። ፒኤችፒ ላይ 19.99ን በ100 አባዝተህ ወደ ሙሉ ቁጥር ብትቀይረው የምታገኘው 1998 ነው፣ 1999 አይደለም። ሁሉም ገንዘብ በ100 የሚባዛ እንዳይመስልህ፤ የጃፓን የን ክፋይ የለውም፣ የኩዌት ዲናር ደግሞ 3 አሃዝ አለው።

ቀኑ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ስህተቱ የሚበዛው እዚህ ነው። ፒኤችፒ ላይ ለጥር 31 ቀን 2023 (በፈረንጆች) አንድ ወር ብትጨምርበት መጋቢት 3 ይሰጥሃል፤ የካቲት 31 ስለሌላት የተረፈው ይፈስሳል። ካርቦን (ላራቬል የሚጠቀመው የቀን ላይብረሪ) ላይ አድ መንዝ ኖ ኦቨርፍሎው ብትጠቀም የካቲት 28 ይሆናል፣ ጥሩ። ግን ከዚያ ከየካቲት 28 ላይ ተነስተህ ሌላ ወር ብትጨምር መጋቢት 28 ይመጣል፤ ደንበኛው ከ31ኛው ቀን ወደ 28ኛው ለዘለዓለም ተንሸራተተ። መፍትሔው የመጀመሪያውን ቀን መልሕቅ አድርጎ መያዝ ነው፦ ቀጣዩ ቀን ሁልጊዜ መልሕቁ ሲደመር ይህን ያህል ወር፣ ካለፈው ውጤት ላይ በጭራሽ አይደመርም። ያኔ የካቲት 28፣ መጋቢት 31፣ ሚያዝያ 30 ይሄዳል። ሰዓቱን በዩቲሲ አስቀምጥ፤ ክሮኑ በቀን አንዴ በእኩለ ሌሊት ከሚነሳ በየሰዓቱ ተነስቶ «ቀኑ የደረሰ ወይም ያለፈ» የሚለውን ያንሳ። ሰርቨሩ አንድ ሌሊት ቢጠፋ በማግስቱ ራሱ ያካክሳል።

ሎግ_አንባቢ

ለ3። ፊርማው የሚከሽፈው ከአራት ነገር በአንዱ ነው፣ በዚህ ቅደም ተከተል ፈልገው።

መጀመሪያ፣ ፊርማው የሚሰላው በመጣው ጥሬ ጽሑፍ ላይ ነው። ጄሰኑን (መልእክቱ የተጻፈበትን ቅርጸት) ፈትተህ መልሰህ ከገጣጠምከው ክፍት ቦታው ወይም የቁልፎቹ አጻጻፍ ይለወጣል፣ ፊርማው የሚሰላበት ኤችማክ ኤስኤችኤ-256ም ሌላ ውጤት ይሰጣል። ላራቬል ላይ ጥሬውን የሚሰጥህ ጌት ኮንተንት ነው፤ በኦል የምታገኘው አይሆንም። ሁለተኛ፣ የሳንድቦክስና የእውነተኛው ሚስጥር ቁልፍ ይለያያሉ፤ ብዙ ጌትዌይ ላይ ለእያንዳንዱ የዌብሁክ አድራሻም የራሱ ቁልፍ አለው። ሦስተኛ፣ የሰርቨርህ ሰዓት። ፊርማው ውስጥ ሰዓት አለ፤ የስትራይፕ ላይብረሪ ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት ካየ አይቀበለውም። ኤንቲፒ (ሰዓቱን የሚያስተካክለው አገልግሎት) መብራቱን እይ። አራተኛ፣ ቁልፉን ስትገለብጥ መጨረሻው ላይ የገባ ክፍት ቦታ። ተራ ነገር ነው፤ ግማሽ ቀን ይበላል። ፊርማዎቹን ስታነጻጽር በእኩልነት ምልክት ሳይሆን በፒኤችፒው ሃሽ ኢኳልስ አድርገው።

ጭራሽ አይመጣም ያልከው ብዙውን ጊዜ መጥቶ የተመለሰ ነው። የጌትዌዩ ዳሽቦርድ ላይ የተላኩ ዌብሁኮችን ዝርዝርና ያንተን የመልስ ኮድ ታገኛለህ። 419 ከሆነ የላራቬል ሲኤስአርኤፍ (ከሌላ ድረ ገጽ የሚመጣ የሐሰት ጥያቄን የሚከለክል) ጥበቃ ነው፤ ያንን መንገድ ብቻ ከጥበቃው አውጣው። 301 ወይም 302 ከሆነ አድራሻውን ስታስገባ ደብሊው ደብሊው ደብሊው ጨምረሃል ወይም ትተሃል፣ ወይም መጨረሻው ላይ ያለው እዝባር (/) ሰርቨርህ ከሚጠብቀው ይለያል፤ ጌትዌዩ ሪዳይሬክት አይከተልም፣ እንደ ውድቀት ይቆጥረዋል። 401 ወይም 403 ከሆነ ፋየርዎሉ ወይም የሙከራ ሰርቨሩ የይለፍ ቃል ነው። የጊዜ ገደብ አለፈ የሚል ከሆነ ደግሞ ዌብሁኩ ውስጥ ኢሜይል ትልካለህ፣ ፒዲኤፍ ትሠራለህ። ያንን ሁሉ አውጣው። ፊርማ አረጋግጥ፣ ጥሬውን ጻፍ፣ ወረፋ ውስጥ ክተት፣ 200 መልስ። ሌላው ከኋላ ይሠራል።

ሁለት ጊዜ መምጣቱ ስህተት አይደለም፤ ጌትዌዮች የሚሰጡት ቃል «ቢያንስ አንድ ጊዜ» እንጂ «አንድ ጊዜ ብቻ» አይደለም። የኩነቱን መለያ በዩኒክ አምድ ያዝ፤ ሁለተኛው ሲመጣ መጻፉ ይከሽፋል፣ አንተ 200 ብለህ ታልፋለህ። እዚህ ላይ ሰዎች የሚሳሳቱት መለያውን ቀድመው መዝግበው ሥራው መሃል ላይ ሲወድቅ ነው፤ ድጋሚ ሲመጣ «አውቀዋለሁ» ተብሎ ይጣላል። ከመለያው ጎን «ተቀብለናል» እና «ጨርሰናል» የሚሉ ሁለት ሰዓቶች ይኑሩ፤ ያልተጨረሰውን ወረፋው ይድገመው።

ቅደም ተከተልም አይጠበቅም። «ምዝገባው ተቀየረ» የሚለው «ኢንቮይሱ ተከፈለ» ከሚለው ቀድሞ ሊደርስ ይችላል። ዌብሁኩን እንደ በር ማንኳኳት ቁጠረው፦ ሲንኳኳ ተነስተህ ጌትዌዩን «የዚህ ምዝገባ የአሁኑ ሁኔታ ምንድን ነው?» ብለህ ጠይቅ፣ የመለሰልህን ጻፍ። ያኔ ቅደም ተከተሉ ቢዘበራረቅም ግድ የለህም።

ላራቬል_ጀማሪ

ፊርማው ተፈታ፤ ኦል ነበር። 419ም እዚያው ነበር። ሁለት ነገር ልጨምር። ማስከፈያው ጥያቄ ጊዜው ቢያልቅበት፣ ማለትም ጌትዌዩ መልስ ሳይሰጥ 30 ሰከንድ ቢሞላ፣ ኢንቮይሱን «አልተሳካም» ልበለው? ደግሞ ነጭ_ሰሌዳ «የተላከው ቁልፍ» ያልከው ምንድን ነው?

ነጭ_ሰሌዳ

ሁለቱ አንድ ጥያቄ ናቸው። ጊዜው ያለቀበት ጥያቄ «አልተሳካም» አይባልም፤ «አይታወቅም» ነው የሚባለው። ገንዘቡ ወጥቶ መልሱ ብቻ መንገድ ላይ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሙከራ ቴብሉ ላይ ከተሳካና ካልተሳካ ሌላ ሦስተኛ ሁኔታ ያስፈልጋል።

ቁልፉ የድግግሞሽ መከላከያ ነው፤ አይደምፖተንሲ ኪ ይሉታል። ለእያንዳንዱ ሙከራ አንድ ልዩ ቁልፍ ትፈጥራለህ፣ ከመላክህ በፊት ዳታቤዝ ውስጥ ትጽፋለህ፣ ከጥያቄው ጋር ትልካለህ። መልሱ ከጠፋ ያንኑ ቁልፍ ይዘህ ድጋሚ ትልካለህ፤ ጌትዌዩ ቀድሞ ሠርቶት ከሆነ ሁለተኛ አይቆርጥም፣ የመጀመሪያውን መልስ ይሰጥሃል።

ሁለት ወጥመድ አለው። ባንኩ በግልጽ እምቢ ካለ በኋላ ከሦስት ቀን በኋላ ስትሞክር አዲስ ቁልፍ ያዝ፤ በአሮጌው ከላክህ ጌትዌዩ ያንኑ የድሮ እምቢታ ይመልስልህ ይሆናል፣ ካርዱ ላይ ገንዘብ ገብቶም ቢሆን። ሌላው፣ ቁልፉ ዕድሜ አለው። ስትራይፕ ቢያንስ 24 ሰዓት ካለፈው በኋላ ሊያጠፋው ይችላል። «አይታወቅም» የሆነን ሙከራ በሁለተኛው ቀን በአሮጌው ቁልፍ ብትልክ እንደ አዲስ ሊቆርጥ ይችላል። ስለዚህ ጊዜ ካለፈው በመጀመሪያ በኢንቮይስ መለያህ ጌትዌዩን ፈልገው፣ ከዚያ ወስን። የኢንቮይስ መለያህን ጥያቄው ላይ እንደ ማጣቀሻ መለጠፍ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሂሳብ_ሹም

4 ላይ ማንም አልመለሰም። ድጋሚ ሙከራ ከመጀመርህ በፊት እምቢታዎቹን ለይ፤ ሁሉም አንድ አይደሉም።

ከባንኩ የሚመጡት የመልስ ኮዶች እነዚህ ናቸው፦ 51 ሂሳቡ አልበቃም ነው፤ ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ መሞከር ያዋጣል። 91 ካርዱን ያወጣው ባንክ አልተገኘም ነው፤ ከሰዓታት በኋላ ሞክር። 05 ባንኩ ምክንያቱን ሳይናገር እምቢ ያለበት ነው፤ አንድ ሁለት ጊዜ ሞክረህ ደንበኛውን ጠይቅ። 54 ካርዱ ጊዜው አልፏል። 14 ቁጥሩ የለም፣ 41 ጠፍቷል የተባለ፣ 43 ተሰርቋል የተባለ ካርድ ነው፤ እነዚህን አትድገማቸው፣ ምንም አይለወጥም። አር0 እና አር1 ደግሞ ደንበኛው ባንኩ ጋ ሄዶ «ይህን ክፍያ አቁሙልኝ» ያለባቸው ናቸው፤ ምዝገባውን በራስህ አቁም። ማስተርካርድ ከእምቢታው ጋር የምክር ኮድ ይልካል፤ 03 ካየህ «አትሞክር» ማለቱ ነው።

ቁጥሩን በተመለከተ ቪዛ ለአንድ ክፍያ በ30 ቀን ውስጥ ከ15 በላይ ድጋሚ ሙከራ አይፈቅድም፤ ያንን ጣሪያ የሚያልፍ፣ ወይም ጭራሽ የማይደገመውን የሚደግም ቅጣት ይከፍላል። 15 ግን ጣሪያ ነው፣ ግብ አይደለም። በእኔ ግምት 4 ሙከራ ይበቃል፦ በቀኑ፣ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን። ከዚያ በላይ ሲሆን ባንኮች ነጋዴውን ራሱን መጠራጠር ይጀምራሉ፣ ጤነኞቹ ካርዶችም መከልከል ያመጣሉ።

ለ54 መድኃኒቱ ከሙከራው በፊት ነው። ቪዛ አካውንት አፕዴተር፣ ማስተርካርድም አውቶማቲክ ቢሊንግ አፕዴተር የሚባል አገልግሎት አላቸው፤ ባንኩ አዲስ ካርድ ሲያወጣ ቶከንህ ከኋላ ይታደሳል። ጌትዌይህ ይህን ያቀርብ እንደሆነ፣ በራሱ የበራ ወይም በጥያቄ የሚበራ እንደሆነ ጠይቅ። ሁሉም ባንክ አይሳተፍም፤ ስለዚህ ካርዱ የሚያበቃበት ወር ከመድረሱ በፊት ኢሜይል ላክ።

አገልግሎቱን በመጀመሪያው እምቢታ አትዝጋ። «ክፍያ ዘግይቷል» የሚል ሁኔታ ይኑርህ፤ ድጋሚ ሙከራው እስኪያልቅ ደንበኛው ይጠቀማል፣ ገጹ ላይ ግን ማስጠንቀቂያና ካርድ መቀየሪያ ያያል። ካርድ በቀየረ ቅጽበት ያልተከፈለውን ኢንቮይስ ወዲያው ሞክር፤ የሚቀጥለውን መርሐ ግብር አትጠብቅ። የካርድ መቀየሪያው ሊንክ ኢሜይሉ ላይ ሲሆን ጊዜው የሚያልፍና ለዚያ ደንበኛ ብቻ የሚሆን አድርገው። በተቃራኒው የምዝገባው የመጀመሪያ ክፍያ ከከሸፈ ምንም አትክፈት፤ የዘገየና ጭራሽ ያልጀመረ ለየብቻ ናቸው።

መሰረዝን በተመለከተ ከመመዝገብ አይክበድ። አንድ ቁልፍ፣ «እስከዚህ ቀን ትጠቀማለህ፣ ከዚያ አይቆረጥም» የሚል መልእክት፣ የማረጋገጫ ኢሜይል። መሰረዣ ያጣ ሰው ወደ ባንኩ ነው የሚሄደው። ቪዛ ላይ 13.2 የሚል ቁጥር ያለው ቻርጅባክ (ደንበኛው በባንኩ በኩል ገንዘቡን ማስመለሱ) ከመጣ «ሰርዤ ነበር፣ አሁንም ይቆርጡብኛል» ማለቱ ነው፤ ገንዘቡም ይሄዳል፣ የክርክር ክፍያም ትከፍላለህ። ደንበኛው ብዙ ጊዜ እስከ 120 ቀን ድረስ መከራከር ይችላል፤ ስለዚህ የስምምነቱንና የስረዛውን መዝገብ ቶሎ አታጥፋ። ባንክ መግለጫው ላይ የሚወጣው ስም የድረ ገጹ ስም ይሁን። ሰው የማያውቀውን የድርጅት ስም ሲያይ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ይከራከራል፣ ከፍሎም ሳለ።

ዕቅድ በመሃል ሲቀየር ያለው ሂሳብ ይህን ይመስላል። ወሩ 30 ቀን፣ አሮጌው ዕቅድ 30.00፣ አዲሱ 60.00፣ ቀኑ 10 ሄዷል። ያልተጠቀመበት የአሮጌው 20.00 ይታሰብለታል፣ የአዲሱ ቀሪ 20 ቀን 40.00 ነው፤ አሁን የሚቆረጠው 20.00። ወደ ርካሽ ሲወርድ ግን ተመላሽ ውስጥ አትግባ፤ ለውጡ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ይጀምር። ግማሹን ራስ ምታት የሚያስቀረው ይህ ነው።

በየቀኑ አንድ ጊዜ ደግሞ የጌትዌዩን የክፍያ ዘገባ አውርደህ ከኢንቮይሶችህ ጋር አስተያይ። በአንዱ ያለ በሌላው የሌለ ካለ፣ ወይ ዌብሁክ ጠፍቷል ወይ «አይታወቅም» የሆነ ሙከራ ተረስቷል። ባንክህ የሚገባው ድምር ኮሚሽን ተቀንሶለት ስለሚመጣ ድምር ከድምር ጋር አታወዳድር፣ ረድፍ ከረድፍ ጋር።

ቶከን_ጠባቂ

ከላይ «ለጌትዌዩ ተወው» በሚለው አልስማማም ባልልም አንድ ነገር ልጨምር። ውል ከመፈረምህ በፊት «ነገ ብለቅ ካርዶቹን ለሌላ ጌትዌይ ታስተላልፉልኛላችሁ?» ብለህ በጽሑፍ ጠይቅ። ቶከኑ የእነሱ ነው፤ ሌላ ቦታ አይሠራም። ፒሲአይ ዲኤስኤስ የሚያከብሩ ሁለት ጌትዌዮች የካርድ መረጃውን እርስ በርስ በምስጢር ሊያስተላልፉ ይችላሉ፤ ግን አንዱ እምቢ ካለ እያንዳንዱን ደንበኛ ካርዱን እንደገና እንዲያስገባ መለመን ነው። ሲያስተላልፉም የመጀመሪያው ፈቃድ የኔትወርክ መለያ አብሮ ካልሄደ አዲሱ ጌትዌይ ላይ እምቢታው ይበዛል።

ነጭ_ሰሌዳ

ይህ ትክክል ነው፤ ያንን መለያ ጌትዌዩ በመልሱ ላይ የሚልከው ከሆነ ራስህም ዘንድ አንድ አምድ ስጠው።

ሎግ_አንባቢ

ኮዱን መፈተኑን በተመለከተ፣ አንድ ወር ቁጭ ብለህ አትጠብቅ። ስትራይፕ ላይ ቴስት ክሎክ የሚባል አለ፤ ሰዓቱን ወደፊት ትገፋዋለህ፣ ዌብሁኮቹም አብረው ይመጣሉ። ሌላ ጌትዌይ ይህ ከሌለው ዕቅዱን በቀን አድርገህ ሞክር፤ የራስህን ኮድ ቀን ግን በካርቦን ሴት ቴስት ናው አስመስለው። ሁልጊዜ በሚሳካው የመሞከሪያ ካርድ በ4242 4242 4242 4242 ብቻ የሚሞክር ሰው ምንም አልሞከረም። እዚያው ስትራይፕ ላይ 4000 0000 0000 0341 ለደንበኛው ይያዝና ሲቆረጥበት ይከሽፋል፣ ልክ እንደ ሁለተኛው ወር። 4000 0025 0000 3155 ደግሞ ማረጋገጫ ይጠይቃል። ከነዚህ ጋር አራት ነገር ፈትን፦ አንድን ዌብሁክ ሁለት ጊዜ ላክ፣ ሁለት ዌብሁኮችን ገልብጠህ ላክ፣ ክሮኑን በሁለት ተርሚናል በአንድ ጊዜ አስነሳ፣ መልሱ ሊደርስ ሲል ኔትወርኩን ቁረጥ። ከአራቱ በኋላ ኢንቮይስ ቴብሉ ላይ አንድ ወር አንድ ረድፍ፣ አንድ የተሳካ ሙከራ ብቻ ካለ ጨርሰሃል።

ላራቬል_ጀማሪ

በጣም አመሰግናለሁ። የመጨረሻ፦ እስካሁን በአንድ ጊዜ ክፍያ የገዙ ደንበኞች ካርዳቸው በጌትዌዩ ዘንድ በቶከን ተይዟል። እነሱን ወደ ወርሃዊ በቀጥታ ማዛወር ይቻላል?

ቶከን_ጠባቂ

ቶከኑ አለ፣ ፈቃዱ የለም። ለአንድ ዕቃ ነው የከፈሉት። ብትሞክረው ከፊሉን ባንኩ ራሱ ይመልሰዋል፤ ያለፈውም ቻርጅባክ ሆኖ ይመጣብሃል። ለእያንዳንዳቸው መጠኑንና ቀኑን የሚገልጽ ኢሜይል ከሊንክ ጋር ላክ፤ ሊንኩ በዜሮ መጠን ወደሚያረጋግጠው ገጽ ይውሰዳቸው። የተቀመጠውን ካርድ በመጨረሻዎቹ 4 አሃዞች አሳያቸውና «በዚህ ካርድ ልቀጥል» የሚል ምርጫ ስጣቸው፤ ቁጥሩን እንደገና አይጽፉም። ያንን ሲጫኑ ግን የወደፊት ክፍያ ምልክቱ አብሮ መሄዱን ሎግህ ላይ አረጋግጥ።